ተጠርጎ ባዶ የቀረው ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጳጉሜን ሲገባ በየቤታችን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ምንጣፉ ወጥቶ ይራገፋል፣ ቁም ሣጥኑ ይገለበጣል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ይጎተታል፤ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብለን ያላየነው ዕቃ ሁሉ ሳሎን መካከል ይከመራል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአዲስ ዓመት ባዛር ይከፈታል፤ ስልካችን ላይ ያሉት የቴሌግራም ገበያዎችም «አዲስ ዕቃ ገባ፣ የቀሩን ጥቂት ፍሬዎች ናቸው» እያሉ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይጠሩናል። በአንድ እጃችን ስናወጣ በሌላው እናስገባለን። ዛሬ ልናገር የወደድኩት ስለ ማውጣቱ ሳይሆን ዕቃው ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው ባዶ ቦታ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ከሰው ስለ ወጣ ርኩስ መንፈስ ይናገራል። ያ መንፈስ ዕረፍት ፍለጋ ውኃ በሌለበት ቦታ ሲዞር ቆይቶ ያጣና ወደ ወጣበት ቤት ሊመለስ ያስባል፤ «ቢመጣም ባዶ ሆኖ ተጠርጎና አጊጦ ያገኘዋል»። ከዚያም ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ ይገባል። ቃሉ የተነገረው ስለ ሰው ነፍስና ስለዚያ ክፉ ትውልድ እንጂ ስለ ቁም ሣጥን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተሰቀለ ልብስ ሁሉ ጋኔን ነው የሚል ትምህርትም የለኝም። ነገር ግን ይህን ክፍል በቅዳሴ በሰማሁት ቁጥር የሚያስደነግጠኝ የቤቱ ንጽሕና ነው። በቤቱ አቧራ የለም፣ ዝርክርክ ነገር የለም፣ እንዲያውም አጊጧል። ያጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚኖርበት ጌታ አልነበረውም።

ባለፈው ዓመት እኔም ቤቴን እንደዚሁ ጠርጌ ነበር። ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስና ጫማ አወጣሁ፤ ልቤም ቀለል አለኝ። በሁለተኛው ቀን የቀረውን በሥርዓት ላስቀምጥ ብዬ ክዳን ያላቸው ስድስት የፕላስቲክ ሣጥኖች ገዛሁ። ሣጥኖቹ አልሞሉም፤ ባዶ ሣጥን ማየት ደግሞ የሆነ ነገር የጎደለ ያስመስላልና አንሶላ ጨመርኩ፣ ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ «ለእንግዳ» ተብሎ የተገዛ የስኒ ስብስብ። ጥቅምት ሲደርስ መደርደሪያው ከቀድሞው ይልቅ ተጨናንቆ ነበር። ዛሬ ከስድስቱ በአንደኛው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ የሌሎቹ ሣጥኖች ክዳን ነው።

ከሦስቱ ማዳበሪያ አንዱ የሄደው ደግሞ ለልዋጭ ነው። ሰውዬው በራችን ላይ «ልዋጭ!» ብሎ ሲጣራ ሁለት ሱሪና አንድ ያልተቀደደ ጃኬት ሰጥቼ አንድ አረንጓዴ ሳፋ ተቀበልኩ፤ በቤታችን ሳፋ ሞልቶ ሳለ። በልዋጭ ሠራተኛው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እርሱ ጀርባው እስኪጎብጥ ተሸክሞ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያንን ቀን «ቤቴን አቀለልኩ፣ ሰጠሁም» ብዬ ስቆጥረው ነበርና።

በሉቃስ ወንጌል 12፥15 ጌታ «የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት አይደለምና ተጠንቀቁ፥ ከመጎምጀትም ሁሉ ተጠበቁ» ይላል። መጎምጀት የሚለው ቃል ራሱ ያስተምራል። የሚጎመጀው ሰው ገና እጁ ያልገባውን እያየ ምራቁ የሚሞላ ሰው ነው፤ ዕቃው እጁ ሲገባ ጉምጀቱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ብዙዎቻችን የገዛነውን ነገር የወደድነው ከመድረሱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሆነ ልብ ብላችኋል? ጌታ ይህንን ተናግሮ ወዲያው እርሻው እጅግ ስላፈራለትና «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ» ስላለው ባለጸጋ ምሳሌ ነገራቸው። ያ ሰው የቸገረው የማስቀመጫ ቦታ ነበር። መፍትሔውም ትልቅ ጎተራ ነበር፤ የእኔም መፍትሔ ስድስት ሣጥን ነበር።

በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ የምናውቅለት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለዚሁ ባለጸጋ ሲያስተምር፣ በሣጥን የተቆለፈው ልብስ የተራቆተው ሰው ልብስ፣ በቤት ተቀምጦ የሚበላሸውም ጫማ በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ጫማ ነው ብሏል። እርሱ ይህን ተናግሮ ብቻ አልተቀመጠም፤ በቀጰዶቅያ ረሃብ በጸና ጊዜ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ፣ የተራቡትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ የአተር ሾርባ በድስት አስቀርቦ እንዳስተናገዳቸው ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት መስክሮለታል። የባስልዮስን ቃል እንደ ተነገረ ከተቀበልነው ከቁም ሣጥን ወጥቶ ለሌላው የሚደርስ ልብስ ዕዳ መክፈል እንጂ ቸርነት አይደለም። የሰውን ዕቃ ለባለቤቱ የመለሰ ሰው ደግሞ «ዛሬ ደክሜአለሁ፣ ለራሴ አንድ ነገር ልግዛ» ሊል አይገባውም። እኛ ግን ቤት አጽድተን ስንጨርስ ወዲያው የምንፈልገው ይህንን ሽልማት ነው።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን እንዳንኰንን እፈራለሁ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል በነበረበት ዘመን ቤት ያስተዳደረች እናት ጠርሙሱንና ፌስታሉን አጣጥፋ ብታስቀምጥ ስግብግብ ስለሆነች አይደለም። እርሷ ያላትን ትጠብቅ ነበር፤ የእኛ ሕመም የሌለንን ማሳደዳችን ነው። ሁለቱ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ሲገኙ መለየት ያዳግታል እንጂ አንድ አይደሉም።

ታዲያ ባዶው ቦታ በምን ይጠበቅ? እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ ለነገ ያስቀሩት ተልቶ ሸቷል፤ በጎሞር ሲሰፍሩት ግን «ብዙ ለለቀመ አልተረፈውም፥ ጥቂትም ለለቀመ አልጎደለበትም» (ዘጸ. 16፥18)። ቅዱስ ጳውሎስ ይህንን ጥቅስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጠቀሰው በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች የሚሆን ገንዘብ ሲያሰባስብ ነው፤ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ጉድለት እንዲሆን። መናውን ከመትላት የሚያድነው ጥሩ ዕቃ አልነበረም፤ ከትርፉ ለሌላው ማድረስ ነበር እንጂ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት በቤቴ ሁለት ነገር እየሞከርኩ ነው። የመጀመሪያውን ከጾም ተማርኩት። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆየው ምግቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሆድ ሲጠራ ሁሉ አቤት እንዳንል ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የሚያስጨንቀው ረሃብ ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ ይረግባል። የመግዛትም አምሮት ጠባዩ እንደዚሁ ነው። አንድ ነገር ሲያምረኝ በወረቀት ጽፌ ሥዕለ አድኅኖው ካለበት ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነበዋለሁ። ባለፉት ሳምንታት ከጻፍኳቸው ውስጥ በእውነት ያስፈለገን የልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ገዛነው። አንዱን ጽሑፍ ምን እንደሆነ እንኳ ማስታወስ አቃተኝ፤ «ክብ፣ የእንጨት፣ ትንሹ» ይላል።

ሁለተኛው በሚወጣው ልብስ ላይ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን ካህናት «እስቲ ለአለቃህ አቅርበው» ብሎ ይገሥጻቸዋል። የተጎረደ ሱሪና ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ አጭቀን ለአረጋውያን መርጃ በር ላይ ጥለን ስንመለስ ይህ ተግሣጽ ይመለከተናል። ስለዚህ አንድ ልብስ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ የጎደለ ቁልፍ ይተከልለታል። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አራት ሸሚዝ ብቻ ጨረስኩ። ነገር ግን መርፌ ይዞ በተቀመጠ እጅ ስልክ መነካካት አይቻልም፤ ሸሚዙን የሚለብሰውን ሰው ስም ባላውቅም እየሰፋሁ «አቤቱ፣ አስበው» እላለሁ።

ከመደርደሪያዎቹ ሦስተኛው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ባለቤቴ «እዚህ ምን እናስቀምጥ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልኩት። ትናንት ልዋጩ በበራችን ሲያልፍ ተጣራ፤ ሰላምታ ሰጥቼው ወደ ቁልፌ ተመለስኩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።