«ኮረስ ጨምርበት፣ ይሸፍነዋል» ለምትሉኝ

ዘፋኙ ቀርጾ ይጨርስና ማዳመጫውን ሳያወልቅ «ትንሽ ኮረስ ጨምርበት፣ ይሸፍነዋል» ይለኛል። ከቅኝት የወጣበትን ቦታ ማለቱ ነው። ምኑን ነው የሚሸፍነው? ሰልችቶኛል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ኮረስ ስል የድምፅ ኢፌክቱን ነው፣ የዘፈኑን አዝማች ማለቴ አይደለም። አንዴ ደንበኛ «እዚህ ጋ ኮረስ አድርግበት» አለኝ። ኢፌክቱን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ስታገል ቆይቼ ለካ አዝማቹን ድገመው ማለቱ ነው።

ወደ ሽፋኑ ልመለስ። ኮረስ የቀረጽከውን ድምፅ ኮፒ አድርጎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፤ የመዘግየቱን መጠን ደግሞ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መዘግየቱ እያጠረ ሲሄድ ኮፒው ይቀጥናል፣ እየረዘመ ሲሄድ ይወፍራል። አምቡላንስ ሲመጣና አልፎህ ሲሄድ ሳይረኑ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። ይህ ከዋናው ድምፅ ጋር ይደባለቃል፣ አለቀ። እና ከቅኝት የወጣህባት ቦታ ኮፒው ውስጥም አለች። አንድ የነበረው ስህተት ሁለት ሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ይወዛወዛል።

በተለይ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ስታደርጉት ያመኛል። አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያሰኙት እነዚያ ተጠጋግተው የተቀመጡ የግማሽ ድምፅ ርቀቶች (ከአንድ ኖታ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ ያለው ትንሿ እርምጃ) ናቸው። አሁን ዴፕዙን (መዘግየቱ የሚወዛወዝበትን ስፋት) ወደላይና ወደታች 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ሬቱን (የውዝዋዜውን ፍጥነት) በሰከንድ 4 ዙር አድርገው። የኮፒው ቅጥነት ወደ 5 በመቶ ይወጣል ይወርዳል። ግማሽ ድምፅ ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ነው! ቅኝቱን ራስህ አፈረስከው። አምና አንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ አምጥቶልኝ «ለምን ይረብሻል?» አለኝ። ኮረሱን አጠፋሁና ሁለቱን ስንኝ እንደገና አስዘፈንኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሬትና ዴፕዝ ለየብቻ የሚሠሩ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ከላይ ያለውን ሬት ወደ 1 ዙር ብታወርደው ውዝዋዜው ወደ 1 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፣ ዴፕዙን ሳትነካው። ስለዚህ ሬት ስትጨምር ዴፕዝ ቀንስ።

«ኮረስ አንድን ሰው ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ያደርጋል» የሚባለውም ስሙ ያመጣው ጣጣ ነው፤ ኮረስ በእንግሊዝኛ ኅብረ ዘማሪም ማለት ነውና። ኳየር ውስጥ አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጉሮሮው ሁሉ ለየቅል ነው። ኳየር ከፈለግክ ሦስቴ ዝፈነው።

«ሚክሱን 100 ሳደርገው ኮረሱ ይጠነክራል» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሚክስ ማለት የኮፒው ድርሻ ነው። ዋናው ድምፅ ከጠፋ ኮፒው ከምን ጋር ይደባለቅ? የሚቀርህ ቫይብራቶ፣ ማለትም የሚርገበገብ ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የቦስ ሲኢ-ዋን ፔዳል ኮረስና ቫይብራቶን በአንድ መቀያየሪያ የያዘው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ያው ነው።

ቤዝ ላይ አይገባም? ይገባል፣ ከኮፒው ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥለት።

ስቴሪዮ ኮረስ ሁሌም ያሰፋል የምትሉ ግን አንድ ሰርግ ላይ የሆነውን ስሙ። የኪቦርዱ ስትሪንግ በማዳመጫ ሰማይ ምድሩን ሲሞላ ነበር። የአዳራሹ ስፒከር ሞኖ (ግራና ቀኙን ደምሮ አንድ አድርጎ የሚያወጣ) ሆኖ ተገኘና ኮረሱ ድራሹ ጠፋ። አንዳንዱ ኮረስ ስፋቱን የሚያመጣው የግራና የቀኙን ኮፒ ተቃራኒ አድርጎ ነው፣ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ሞኖውን ተጫን፣ ስማ፣ ከዚያ ላክ።

ግድ ኮረስ ካማረህ ሬቱን በሰከንድ ግማሽ ዙር አካባቢ አድርግ፣ ዴፕዙን ዝቅ አድርገህ ጀምር። ድምፁን ብቻውን አትስማ፣ ሙዚቃው ሁሉ እየተጫወተ ሚክሱን ቀስ ብለህ ጨምር። «አሁን ሰማሁት» ስትል ትንሽ መልሰው። ሻይ ጠጥተህ ስትመጣ ደግሞ አንዴ አጥፍተህ ስማው፤ ካልናፈቀህ እንደጠፋ ተወው።