የጥርስ ሐኪም ለሚፈሩ ልጆች እንስሳ ማቅረብ ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፣ ዳንግላ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት የታች መንጋጋዋ ተበልቶ ጉንጯ አብጦ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስባቸው እናቷ በሚኒባስ ይዛት ባህር ዳር እኔ ጋ መጣች። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ግን ልጅቷ የበሩን ብረት ጨብጣ አልገባም አለች። ማልቀስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል። እናቷ ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች። እንዲህ እያልን ከጥበቃው ቤት ጀርባ አንዲት ግራጫ ድመት ወጣችና መጥታ እግሯ ስር ተጋደመች። ልጅቷ ብረቱን ለቀቀች፣ ቁጭ አለች፣ "ውሮ፣ ውሮዬ" እያለች ጀርባዋን ታሻሻት ጀመር፣ አስር ደቂቃ ያህል ማናችንም አልተናገርንም። ከዛ ራሷ ተነስታ የእናቷን እጅ ይዛ ገባች። ወንበሩ ላይ ስትወጣ ፈርታለች፣ የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ አልቅሳለች፣ ግን አፏን ከፈተች፣ ጥርሱም ተነቀለ።

ከዛን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ሳነብ ቆየሁ፣ ለካ ስም ያለው፣ ሰዎችም ውጤቱን እየለኩ የሞከሩት ነገር ነው። በአማርኛ የረጋ ስም የለውም፣ "በእንስሳት የታገዘ ህክምና" ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰልጥኖ ጤናው የተመረመረ እንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሻ፣ ከያዡ ጋር ሆኖ ክሊኒክ ይመጣል፣ ልጁ ተራ ሲጠብቅ ወይም ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲታከም አጠገቡ ይሆናል፣ ልጁ ይዳስሰዋል፣ ያወራዋል፣ ፍርሃቱ ይቀልለታል። ጥርስ የሚያክመው ያው ሐኪሙ ነው። እንስሳው የሚሰራው ፍርሃቱ ላይ ብቻ ነው።

ያቺ ግራጫ ድመት ልጃችንን ረዳቻት እንጂ ያ ግን በእንስሳት የታገዘ ህክምና አይባልም፣ ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ ያስፈልጋል። ድመቷ መከተቧን የሚያውቅ አልነበረም፣ ብትደነግጥና ብትቧጭራት የሚይዛት ሰው አልነበረም፣ ልጅቷም እጇን ሳትታጠብ ነው የገባችው። በስርዓት ሲሰራ እነዚህ ሁሉ አስቀድመው ያለቁ ናቸው። እሱም ቢሆን ደረጃ አለው፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ውሻ አስቀምጦ ልጆች እንዲጫወቱ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ ለዚች ልጅ ይሄን ፍርሃት እንቀንስ ብሎ አቅዶ፣ ከእንስሳው ጋር ምን እንደምታደርግ ወስኖ፣ ለውጡን እየመዘገቡ መሄድ ደግሞ ሌላ ነው። ህክምና የሚለው ቃል የሚገባው ለሁለተኛው ነው።

አጀማመሩም ከኛ ድመት ታሪክ ብዙ አይርቅም። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል አሜሪካዊ የልጆች ሳይኮሎጂስት ነበር፣ ጂንግልስ የሚባል ውሻው ቢሮው ውስጥ ሳለ አንድ ከሰው ጋር አልግባባ ያለ ልጅ ከቀጠሮው ቀድሞ ይመጣል፣ ልጁ ከሐኪሙ በፊት ከውሻው ጋር ተግባባ። ሌቪንሰን ይሄን አይቶ ውሻን በህክምናው ረዳት ስለማድረግ በ1962 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጻፈ፣ በሰዓቱ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ከሱ 100 ዓመት ገደማ ቀድማ ስለ ነርሲንግ በጻፈችው መጽሐፍ ላይ ትንሽ የቤት እንስሳ ለበሽተኛ ጥሩ ጓደኛ ነው ብላ ነበር።

እሺ፣ ለምን ይሰራል? መጀመሪያ ፍርሃቱን ማየት ነው። ልጅ ሲፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ደሙ ከጣቱ ጫፍ ሸሽቶ ወደ ትልልቁ ጡንቻ ይሄዳል፣ የእህቴ ልጅ እጅ በረዶ የሆነው በዚህ ነው። የፈራ ልጅ ደግሞ ካልፈራው ይበልጥ ያመዋል፣ አእምሮው ህመሙን እየጠበቀ ስለሆነ ትንሹም ነገር ይገዝፍበታል፣ የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለዚህ ቦታ የተባለ ይመስላል። ከዛ ዙሩ ይቀጥላል፣ ፈርቶ ይቀራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ነርቩ ጋ ይደርሳል፣ በሙሌት ያልቅ የነበረው ነገር ነቀላ ይሆናል፣ ነቀላው ደግሞ "ያልኩት አልቀረም" ያሰኘዋል።

እኛ አገር ደግሞ ፍርሃቱን የምናዘጋጅለት እኛው ነን። "ዝም በይ፣ መርፌ አስወጋሻለሁ!" እያልን ያሳደግናትን ልጅ አንድ ቀን እጇን ይዘን መርፌው ቤት እንወስዳትና ለምን ፈራሽ እንላታለን። ከዚህም በላይ አለ፣ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ በህጻንነት ማስወጣት በኛ አካባቢ የኖረ ልማድ ነው፣ ልጆቹ የራሳቸውን ባያስታውሱትም የታናናሾቻቸውን ጩኸት ሰምተዋል፣ አፍን ሰው ሲነካው ምን እንደሚመስል ከዛ ነው የተማሩት። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቅ የለ" የሚባለውም ሌላው ችግር ነው። የወተት መንጋጋ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያል፣ ለሚተካው ጥርስ ቦታ የሚይዘውም እሱ ነው፣ ተበልቶ ቀድሞ ከተነቀለ ሌሎቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጉና ቋሚው ጠማማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

እንስሳው የሚገባው እዚህ መሀል ነው። ልጅ ትኩረቱ አንድ ነው፣ እጁ ጸጉር እየዳሰሰ ጆሮው የውሻ ትንፋሽ እየሰማ ከሆነ ለመሳሪያው ድምፅ የሚተርፈው ትንሽ ነው። መዳሰሱ ራሱ ያረጋጋል። በ1983 ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ልጆች ዝም ብለው ሲቀመጡም ጮክ ብለው ሲያነቡም የደም ግፊታቸው ይለካ ነበር፣ ሰላማዊ ውሻ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ልብ በሉ፣ ውሻው ምንም አላደረገም፣ መኖሩ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ከልጁ የሚፈልገው ነገር አለው፣ ክፈት፣ አትንቀሳቀስ፣ አታልቅስ፣ እንስሳው ብቻ ነው ምንም የማይጠይቀው።

በቀጥታ ጥርስ ላይ የተሰራ ጥናትም አለ። በ2001 ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 40 ልጆች ጥርሳቸውን ሲታከሙ ግማሾቹ አጠገባቸው ውሻ ተደረገ፣ የተለካውም ያው የእጅ ቅዝቃዜ፣ ማለትም የቆዳቸው ሙቀት ነው። ባጠቃላይ ሲታይ ልዩነት አልተገኘም፣ ነገር ግን ስንመጣ ጨንቆናል ያሉት ልጆች ብቻ ተለይተው ሲታዩ፣ ወንበሩ ላይ ሆነው ሐኪሙን በሚጠብቁበት ሰዓት ውሻው ረድቷቸዋል። ይሄ ውጤት ደስ የሚለኝ እውነቱን ስለሚናገር ነው፣ ላልፈራ ልጅ ውሻ አያስፈልገውም፣ ለፈራው ደግሞ ክፉዋ ሰዓት የጥበቃዋ ሰዓት ናት፣ የኛም ልጅ በፍርሃት ያለቀችው ገና በሩ ላይ ነበር።

አሰራሩን ላሳያችሁ። ውሻው በመጣበት ቀን ታጥቦ ተቦርሾ ነው የሚገባው፣ ክትባቱ የተሟላ ነው፣ የመሳሪያ ጩኸት ሲሰማ እንዳይደነግጥ ተለማምዷል። ልጁ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ወላጅም ይጠየቃል፣ አስም ወይም የጸጉር አለርጂ ያለበት፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ፣ ወይ ውሻን ራሱን የሚፈራ ልጅ ከሆነ ነገሩ ይቀራል። ከተስማሙ ትንሽ ውሻ ከሆነ ልጁ እግር ላይ ንጹህ ጨርቅ ተነጥፎ ይተኛል፣ ትልቅ ከሆነ እጅ በሚደርስበት ጎን። ያዡ ዓይኑን ከውሻው አይነቅልም፣ ሐኪሙ ሁለቱንም ላድርግ አይልም። ራጅ ሲነሳ ውሻው ይወጣል፣ ልጁ ከመንካቱ በፊትም በኋላም እጁን ይታጠባል። ውሻውም ሰው ባይሆንም ይደክመዋል፣ ደጋግሞ ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ጭራውን ሲቀብር በቃኝ ማለቱ ነው፣ ያኔ ይወጣና ያርፋል። ማደንዘዣን ግን አይተካም፣ ማደንዘዣ ሳይሰጡ ውሻ አለ ብሎ ጥርስ መንካት ግፍ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ውሻ እኛ ጋ ደጅ ጠባቂ ነው፣ ቤት አይገባም፣ ቤተክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ምራቁ እንዲነካቸው አይፈልጉም። የእብድ ውሻ በሽታም ቀልድ አይደለም፣ በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናት "ውሻ? ልጄ ላይ?" ብትል ትክክል ናት፣ ማንም ያልተከተበ የሰፈር ውሻ ይዞ ክሊኒክ እንዲሄድ አልመክርም።

ግን እንስሳ ማለት ውሻ ብቻ አይደለም። በ1984 አሮን ካቸርና ባልደረቦቹ ጥርስ ሊነቀልላቸው የተዘጋጁ አዋቂዎችን ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ እንዲያዩ አድርገው ነበር፣ እንዲሁ ዓሣውን እያዩ መቀመጣቸው አረጋጋቸው። ዓሣ አይነክስም፣ ጸጉር የለው፣ ሃይማኖት የሚያጣላው የለም፣ ጣና ዳር ያደገ ልጅ ደግሞ ቀረሶና አምባዛን በስም የሚያውቅ ነው። ባህር ዳር ውስጥ ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እንግዳ መቀበያው ላይ ዜና ብቻ የሚጮህበትን ቲቪ ዝጉና አንድ ገንዳ አስቀምጡ፣ ልጆቹ ቁመት ላይ አድርጉት። ገንዳውን ማጽዳት የሚችል ሰው ግን ይኑራችሁ፣ የሞተ ዓሣ የሚንሳፈፍበት ገንዳ ከምንም ይብሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሳይሆን ከአባቴ የተማርኩት አለ። የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ጥርስ ሙሌት ቀጠሮ ነበራት፣ ከሳምንት በፊት ጀምራ ስትነጫነጭ አያቷ ወደ በጎቹ ወሰዳት። ገበያ ላይ በግ ሲገዛ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ እድሜዋን ማወቅ ማንም ገበሬ የሚያደርገው ነው፣ እሱንም አሳያት። የራሱን አውራ ጣት በበጓ ከንፈር ጎን አግብቶ በቀስታ ከፈተና "ቁጠሪ" አላት፣ ከታች 8 የፊት ጥርስ ቆጠረች። "የላዩስ?" ስትለው ድድ ብቻ እንደሆነ አሳያት። በግ ዓመት አለፍ ሲላት ሁለቱ የመሀል የወተት ጥርሶቿ ወድቀው ትልልቅ እንደሚተኩ ነገራት፣ ልጅቷም የራሷን የወደቀ ቦታ በምላሷ ነካካችው። ከዛ "አሁን ደግሞ እኔ በጓ ልሁን" አለችና አፏን ከፈተች፣ አያቷ በማንኪያ እጀታ እየነካ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቆጠረላት።

የልጆች ጥርስ ሐኪሞች መጀመሪያ ንገር፣ ከዛ አሳይ፣ ከዛ አድርግ የሚሉት ዘዴ አላቸው፣ አባቴ ስሙን ሳይሰማ ነው ያደረገው። በቀጠሮዋ ቀን ባህር ዳር ስንደርስ ድመቷን ፈለገቻት፣ አልነበረችም። ትንሽ ቆመች፣ እጇን ያዝኩት፣ ይቀዘቅዛል፣ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ገባን። ወንበሩ ላይ ወጥታ ሐኪሟ መስታወቷን ስታነሳ፣ "ዶክተር፣ በግ ከላይ ጥርስ እንደሌላት ታውቂያለሽ?" አለቻት። ሐኪሟ መስታወቷን አስቀምጣ "ኧረ አላውቅም፣ ንገሪኝ እስኪ" ብላ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች።