ጠርጠሉስ ሲናገር፣ ጳውሎስ ሲናገር

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24ን ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን እናልፈዋለን። ተአምር የለበትም፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። እኔ ግን ንግግር ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ለመማር ደጋግሜ የምመለስበት ምዕራፍ ነው።

ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ጳውሎስን ለመክሰስ ከኢየሩሳሌም ወደ ቂሣርያ ሲወርድ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ ይዞ ነበር። ጠርጠሉስ አፉን ሲከፍት ክሱን አልጀመረም። ገዢውን ፊልክስን ማሞገስ ያዘ። በአንተ ብዙ ሰላም አገኘን፣ ሕዝቡ በአንተ አሳብ ተሻሻለ፣ በየቦታው እናመሰግንሃለን እያለ። በዚያ ዘመን ንግግር የሚማር ሰው ይህን ወግ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የዳኛውን ልብ ማለስለስ ነው።

ችግሩ ሙገሳው ባዶ መሆኑ ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ እንደጻፈው፣ ፊልክስ ዮናታን የሚባለውን ሊቀ ካህናት በነፍሰ ገዳዮች ያስገደለ ሰው ነው። ሐናንያ ይህን ሳይሰማ የቀረ ይመስላችኋል?

ከሙገሳው በኋላ ፍርሃት መጣ። ጳውሎስ «መቅሠፍት» ነው፣ በየአገሩ ሁከት ያስነሳል ተባለ። ለሮማ ገዢ ከሁከት በላይ የሚያስደነግጥ ቃል የለም፣ ወንበሩን የሚያሳጣው እሱ ነው። ቀጥሎ ስም መለጠፍ፦ የመናፍቃን ወገን መሪ። በመጨረሻም አብረው የመጡት ሁሉ «እውነት ነው» አሉ። ሙገሳ፣ ፍርሃት፣ ስም፣ ጭብጨባ። ማስረጃ ግን የለም።

እኛስ ስንቱን እንዲህ ተቀብለናል? «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ በረከትህ ይዘገያል» የሚል ነገር በቴሌግራም ሲመጣ ጣታችን ቶሎ ትሮጣለች። (እኔም አንድ ጊዜ ልኬ አውቃለሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።) እግዚአብሔርን የጠራ ሁሉ እውነት የተናገረ ይመስለናል። ሰይጣን እኮ ጌታን በፈተነው ጊዜ መዝሙር 91ን ጠቅሷል።

አሁን ደግሞ ጳውሎስን ስሙት። እሱም በአክብሮት ነው የጀመረው፣ ግን እውነት የሆነውን ብቻ አለ፦ ይህን ሕዝብ ለብዙ ዘመን እንደምትዳኝ አውቃለሁ። ያልሆነ ሰላም አልፈጠረለትም። ወዲያው የሚጣራ ነገር አቀረበ፦ ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣሁ ከ12 ቀን አይበልጥም። በመቅደስ አየነው የሚሉት የእስያ አይሁድም እዚህ የሉም፣ ካላቸው እነሱ መጥተው ይክሰሱኝ። ይሄም ጥበብ ነው። እንዲያውም ጥሩ ጠበቃ ይወጣው ነበር።

ስለዚህ የንግግር ብልሃት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን የሚባለውን ወታደሩን አስገድሎ ሚስቱን ወስዶ ነበር። ነቢዩ ናታን ግን ዳዊት ፊት ሲቆም በኦርዮን ስም አልጀመረም። ባለጠጋ የቀማውን የአንድ ድሃ በግ ተረከለት፤ ከእንጀራው የምትበላ፣ ከዋንጫው የምትጠጣ፣ በብብቱ የምትተኛ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ለእኛ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ዳዊት ሰሙን ሰምቶ ተቆጣ፣ በራሱ አፍ ፈረደ። ከዚያ ናታን ወርቁን አወጣው፦ «ያ ሰው አንተ ነህ»። ዳዊትም «እግዚአብሔርን በደልሁ» አለ። ናታን የፈለገው የንጉሡን ንስሐ ነው፣ ስጦታውን አይደለም። አንድ ስብከት ልቤን ሲነካው እኔም ይህን እጠይቃለሁ፦ ወደ ንስሐ ነው የሚጎትተኝ ወይስ ወደ ሰውየው?

ወደ ፊልክስ ልመለስ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር ሆኖ ጳውሎስን አስጠራው። ድሩሲላን ከሌላ ባል አስኮብልሎ ነበር ያገባት። ጳውሎስ ታዲያ ስለ ምን ተናገረ? ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣው ፍርድ። በሁለቱ ፊት! ፊልክስ ፈራ። «አሁንስ ሂድ፣ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ አስጠርቶታል፣ ጉቦ ይሰጠኛል ብሎ። ጳውሎስም ሳይሰጠው 2 ዓመት እንደታሰረ ቆየ።