የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል

የክፍለ ጊዜ ድልድል ማን፣ ምን ትምህርት፣ ለየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስተምር የሚወስን ሰነድ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚያስተምሩ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

መነሻው የመምህራን የሥራ ጫና ነው። የየትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ሴክሽኖቹን ለባልደረቦቹ አከፋፍሎ ያቀርባል። 9ኛ ክፍል 12 ሴክሽን ቢኖረውና ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ 60 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ ለአንድ መምህር 20 ቢደርሰው ሦስት መምህራን ይበቃሉ። በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለውን ትምህርት የያዘ መምህር ግን ያንኑ 20 ለመሙላት 10 ሴክሽን ማዳረስ አለበት። ለድልድል ሠሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ መምህር ነው፤ የእሱን አንድ ሰዓት ለማዛወር የብዙ ክፍሎችን ፕሮግራም መንካት ያስፈልጋልና።

በእጅ ሲሠራ አንድ ሰንጠረዥ ለመምህራን፣ ሌላ ለሴክሽኖች ይሰመራል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በሁለቱም ላይ ይሰፍራል። ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ስም በ9ኛ ‹ሐ› እና በ10ኛ ‹ሀ› ከተገኘ ግጭት ተፈጥሯል፤ እርሳስና ላጲስ ከእጅ የማይለዩት ለዚህ ነው። አንድ ቤተ ሙከራና አንድ ሜዳ ለሁሉም መዳረስ አለባቸው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ ሳይወጣ የከሰዓቱ መግባት አይችልም። ዓርብም ለጁምዓ ሶላት ቦታ መተው ይገባል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ሌላ ማሰሪያ መጣ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት በተወሰነ ሰዓት ስለሚተላለፍ ድልድሉ ከሥርጭቱ ጋር መናበብ ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ያመለጠውን ትምህርት መልሶ ማስገባት ለመምህሩ ትልቅ ራስ ምታት ነበር።

የሒሳብ ሊቃውንትም ጉዳዩን መርምረውታል። መምህራን በማንኛውም ሰዓት ከተገኙ፣ ማንም መምህርም ሆነ ሴክሽን ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜዎች በላይ ካልተሸከመ፣ ግጭት የሌለው ድልድል ሁልጊዜ ይገኛል። መምህሩ የማይገኝባቸው ሰዓታት ሲጨመሩ ግን ችግሩ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ጎራ እንደሚመደብ ኢቨን፣ ኢታይ እና ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል። በሁለት ትምህርት ቤት የሚያስተምር የትርፍ ሰዓት መምህር ሲመጣ የሚፈጠረው ጭንቀት ከዚህ የመነጨ ነው።

ዛሬ እንደ ኤፍ.ኢ.ቲ. ያሉ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሰልቺውን ፍለጋ ያቃልላሉ። ፍትሑ ግን የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሴክሽን ሳምንቱን ሙሉ ሒሳብን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ደክሞትና ርቦት የሚማር ከሆነ፣ ግጭት ባይኖርበትም ያ ድልድል ተበላሽቷል፤ እንደገና መሠራት አለበት። አዲስ መምህርም የማንም ያልሆኑ የተበጣጠሱ ሰዓታት ሁሉ ሊጣሉበት አይገባም። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለመምህራን ተለጥፎ አስተያየት ሊሰበሰብበት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።