የእግርና የብስክሌት መንገድ «የኢኮኖሚ ተፅዕኖ» ምንድን ነው?

ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ ተብሎ የተሠራ መንገድ ትኬት አይቆረጥበትም፤ ስለዚህም የወጣበት ገንዘብ መመለስ አለመመለሱን የሚያሳይ ደረሰኝ የለም። «የኢኮኖሚ ተፅዕኖ» የሚባለው ስሌት ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሠራ ሲሆን፣ በአጭሩ መንገዱ ባይኖር ኖሮ ወደ አካባቢው የማይገባውን ገንዘብ ይለካል።

በአሜሪካ ፒትስበርግን ከሜሪላንዷ ከምበርላንድ የሚያገናኘው «ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ» ጥሩ ማሳያ ነው። በአብዛኛው በተተወ የባቡር መስመር ላይ የተሠራው ይህ 240 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የመጀመሪያው ክፍል በ1986 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2013 ተጠናቀቀ፤ ከምበርላንድ ላይ ከሌላ መንገድ ጋር ስለሚገጥም ብስክሌተኛው እስከ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ይዘልቃል። በ2021 የወጣ ጥናት መንገዱ በ2019 ያስገኘውን ጥቅም ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል።

እንዲህ ያለ ቁጥር መነሻው ቆጠራ ነው። ከመንገዱ ዳር የምትተከል ትንሽ መሣሪያ የአላፊውን የሰውነት ሙቀት ለይታ ትመዘግባለች፤ ሆኖም ሄዶ የተመለሰውን ሁለት፣ ጎን ለጎን እያወሩ የሚያልፉትን ባልና ሚስት ደግሞ አንድ አድርጋ ልትቆጥር ትችላለች። ስሕተቱን ለማረም መጠይቅ የያዙ ሰዎች መንገደኛውን እያስቆሙ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድርና ምን ያህል እንዳወጣ ይጠይቁታል።

ብዙ ዘገባዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ከዋሽንግተን መጥቶ ከምበርላንድ አልጋ የያዘ ሰው የሚከፍለው ለከተማዋ አዲስ ገንዘብ ነው፤ የከተማዋ ነዋሪ በመንገዱ ዳር የሚጠጣው ቡና ግን መንገዱ ባይኖርም በሌላ ካፌ ይጠጣ ነበርና፣ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ከመግባት አያልፍም። በዚያ ላይ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የተቀበለውን መልሶ ለሠራተኛና ለአቅራቢ ሲከፍል የሚፈጠረው ተጨማሪ እንቅስቃሴ በማባዣ ይሰላል፤ እንደ እኔ ግምት አንባቢ በቅድሚያ ሊጠራጠር የሚገባው ይህንኑ ማባዣ ነው፣ ትንሽ ከፍ ቢል ውጤቱን በሚሊዮን ያሳብጠዋልና።

የማኅበረሰቡ ጥቅም ከዚህ ይለያል። ነዋሪው በየማለዳው መራመዱ ለከተማዋ አዲስ ገንዘብ ባያመጣም ለጤናው ዋጋ አለው። በመንገዱ አቅራቢያ ያለ ቤት ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ጥናቱ ጥቅም ብሎ ይመዘግበዋል፤ ተከራዩ ግን የሚያየው የኪራይ ንረትን ነው። የአሜሪካዋን አትላንታ የሚዞረው የ35 ኪሎ ሜትሩ «ቤልትላይን» የእግርና የብስክሌት መንገድ ፕሮጀክት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ 5,600 በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርቡ ቤቶችን ለማስገኘት ያቀደው በዚሁ ሥጋት ነው።