ሙንዎክ፦ ወሬው እና እውነታው

ሙንዎክ የሚባለውን ዳንስ፣ ማለትም ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሰው ያየ ሁሉ መሞከሩ አይቀርም። ብዙው ግን ሁለት ሦስቴ ተንገዳግዶ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው እግሩ ሳይሆን የሰማው ወሬ ነው።

«የፈጠረው ማይክል ጃክሰን ነው»

ለዓለም ያሳወቀውስ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ በሞታውን 25ኛ ዓመት ዝግጅት ላይ «ቢሊ ጂን» የተባለውን ዘፈኑን ሲጫወት ለጥቂት ሰከንዶች አሳየው፤ በቃ፣ ጉድ ተባለ። እንቅስቃሴው ግን ቀድሞም ነበር። በጫማው ወለሉን እየመታ የሚጨፍረው (ታፕ) ዳንሰኛ ቢል ቤይሊ በ1950ዎቹ በተቀረጸ ፊልም ላይ እንዲሁ እየተንሸራተተ ከመድረክ ሲወጣ ይታያል። ሻላማር የተባለው የሙዚቃ ቡድን አባል ጄፍሪ ዳንኤልም በ1982 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሠርቶታል። ዳንሰኞቹ «ባክስላይድ» (ወደ ኋላ መንሸራተት) ይሉት ነበር።

«ልዩ ጫማ አለው»

ይሄ ከሌላ ነገር ጋር ተምታቶ ነው። ማይክል ሰውነቱን ቀጥ እንዳደረገ ወደ ፊት የሚያዘነብልበት ትርኢት አለ። ለዚያ በእርግጥ ተረከዙ ከመድረክ ላይ ችንካር ጋር የሚያያዝ ጫማ ተሠርቶ በ1993 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝቷል። ለሙንዎክ ግን ካልሲ እና ሊሾ ወለል ይበቃል። ሴራሚክም ይሆናል። ምንጣፍ ላይ፣ ወይም በጎማ ሶል ስኒከር አትድከሙ። እርጥብ ወለል ላይማ በጭራሽ!

«ዋናው ነገር የሚንሸራተተው እግር ነው»

ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ዓይን የሚከተለው የሚንሸራተተውን ነዋ! ሥራው ያለው ግን በቆመው እግር ላይ ነው።

ቀኝ ተረከዛችሁን አንሱና በጣቶቻችሁ ቁሙ፤ ጉልበታችሁ ይታጠፋል። ክብደታችሁን በሙሉ እዚያ ላይ ጣሉ። ግራው ወለሉ ላይ ዝርግ ብሎ ይቀመጣል፤ ሸክም የለበትም። መሆኑን ለማወቅ ግራውን ትንሽ ብድግ አድርጉት። ካልተንገዳገዳችሁ ልክ ናችሁ። አሁን ግራውን ከቀኙ ኋላ እስኪደርስ ወደ ኋላ ሳቡት።

ከዚያ ቅያሬው ይመጣል። የግራው ተረከዝ ሲነሳ የቀኙ በዚያው ቅጽበት ይወርዳል፤ ክብደቱም አብሮ ይሻገራል። አንዱ ከዘገየ መንሸራተቱ ይቀርና ማነከስ ይሆናል። የሚሳበው እግር ጣቶችም ከወለሉ መነሳት የለባቸውም። መጀመሪያ ቅያሬውን ብቻ ባላችሁበት ቆማችሁ ደጋግሙት።

«ፍጥነት ነው የሚያሳምረው»

ፍጥነት ስህተትን ይደብቃል እንጂ አያሳምርም። ቀስ ብላችሁ መሥራት ካልቻላችሁ ገና ናችሁ።

«የእግር ጉዳይ ብቻ ነው»

ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ካለ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከወገብ በላይ ጸጥ ማለት አለበት። እኛ ደግሞ ሙዚቃ ሲጀምር ትከሻችን ይቀድመናል፤ እስክስታውን ለጊዜው ያዝ አድርጉት። ስልካችሁን ከጎን አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። ከፊት ለፊት መስታወት ማየት ብዙም አይጠቅምም፤ መንሸራተቱ የሚታየው ከጎን ነው።