ጫጩቱን ጭልፊት ወሰደው? መጀመሪያ ሰዓቱን ንገሩኝ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ስለ ዶሮ እርባታ ምክር እየሰጠሁ መዞር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየግቢው የምሰማው ግን ያው ነው፦ «ጭልፊት ጨረሰን!» ልጆቹ ድንጋይ ያነሳሉ፣ አባታቸው ወንጭፍ ያቀብላል። በእውነት ሰልችቶኛል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አስጠሩኝ። በአንድ ሳምንት 7 ጫጩት ጠፍቶባቸዋል። «ያቺ ናት» ብለው ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ አሳዩኝ።

«እማማ፣ የሚጠፉት መቼ ነው?»

«ማታ ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ጠዋት ይጎድላሉ።»

ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ጭልፊት የምታድነው በቀን ነው፣ ሌሊት ትተኛለች። የዶሮውን ቤት ዞር ዞር ብዬ ሳይ ከግድግዳው ሥር እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። የሸለምጥማጥ መግቢያ ነው። በድንጋይና በጭቃ ደፈንነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጫጩት አልጎደለም። ወፏም እስከዛሬ እዚያው ዛፍ ላይ ናት።

ይህችን ወፍ ደገኛ ሁሉ ያውቃታል። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ እንደ ሸክላ ቀይ። ጅራታቸው ብቻ ቀልቶ ሌላው አካላቸው የጠቆረም አሉ። ዋና ምግቧ አይጥና ፍልፈል ነው፣ እባብና እንሽላሊትም ትበላለች። ገብሱን አይጥ እየጨረሰበት እሷን በድንጋይ የሚያባርር ገበሬ ሳይ ያንገበግበኛል። ይባስ ብሎ የአይጥ መርዝ ይበትናል! መርዝ የበላች አይጥ ትደነዝዛለች፣ በቀላሉ ትያዛለች። የበላቻት ጭልፊትም አብራ ትመረዛለች።

ጫጩት ጨርሶ አትነካም አልልም። ሜዳ ላይ ለብቻው የቀረ ጫጩት ካገኘች ትወስዳለች። ጅራቱ መሀል ላይ የተሰነጠቀው ቡናማው ወፍ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያንዣብበው፣ ከሷም የባሰ ደፋር ነው። መፍትሔው ግን ወንጭፍ አይደለም። ጫጩቶቹን እስከ 8 ሳምንት ድረስ ከላይ በሽቦ በተከለለ ቦታ አቆዩ። ሽቦ ከሌለ ጭራሮ ረብርቡበት። ውሃና መኖውን ሜዳ መሀል ሳይሆን ከጥላ ሥር አድርጉ። ማታ ቁጠሩ፣ ጠዋትም ቁጠሩ። ቀዳዳ ፈልጉ። የቀበሌ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ብቻ አድርጉልኝ።

«ግልገል ይዛ ትበራለች» የሚሉም አሉ። አትችልም። እሷ ራሷ ከ1 ኪሎ ብዙም አትበልጥም፣ የመንዝ ግልገል ደግሞ ገና ሲወለድ 2 ኪሎ አካባቢ ነው።

ትልቅ ወፍ ሁሉ ንስር አይደለም። ገማሳ ገደል ላይ አጥንት ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ ወፍ አሞራ ነው።

ንስርን ካነሳን፣ 40 ዓመት ሲሞላው ምንቃሩን ሰብሮ፣ ጥፍሩን ነቅሎ ይታደሳል የሚባለው ተረት ነው። በስብከትም በሥልጠናም ስንቴ ሰማሁት! ምንቃር የሌለው ንስር በረሃብ ይሞታል። ምንቃሩና ጥፍሩ እንደኛ ጥፍር ሁልጊዜ ያድጋሉ፣ በሥራ ይሞረዳሉ። ላባውም ጥቂት በጥቂት እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ንስር መታደስ ተናግሯል፣ ምንቃር ስለ መስበር ግን አንድም ቃል አላለም።

«ወፍ ማየት የቱሪስት ሥራ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ፦ መንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ድረስ መሄድ፣ ውድ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ፣ ደጃፋችሁ ላይ ቁጭ በሉ። ጭልፊቷ ክንፏን ሳታርገበግብ በሞቀው አየር ላይ እየዞረች ስትወጣ ታያላችሁ። ነፋስ ሲበረታ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ዐይኗ ግን ከታች ማሳው ላይ ነው። የኔ ልጆች ድንጋይ ማንሳት ትተው ስንት አይጥ እንደያዘች መቁጠር ጀምረዋል።

ጎጆዋን ካገኛችሁ ከሩቅ እዩት፣ ዛፉ ላይ አትውጡ። እናትየው ፈርታ ከራቀች እንቁላሉን የደጋው ብርድ ያበላሸዋል።